ትኩስ ድስት የት ይረፍ? የድስትና የጀበና ማስቀመጫ አመራረጥ፣ አሠራርና አጠቃቀም

ወጡ ደርሷል፣ ድስቱ በሁለት እጃችሁ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ማስቀመጫ የለም። ያኔ ሰው እጁ የደረሰበትን ያነጥፋል። የታጠፈ ጋዜጣ ወይም እርጥብ ፎጣ ይሆናል፤ አንዳንዴም ምንም ሳያነጥፍ የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ያሳርፈዋል። ጋዜጣው የድስቱ ቂጥ ላይ ተለጥፎ ይነሳል። ላስቲኩ ይለሰልስና ይጨማደዳል። እርጥብ ፎጣ ከሁሉም ይብሳል። ውሃ ሙቀትን ከአየር በጣም በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ሙቀቱ ቶሎ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ እንፋሎቱም እጅ ያቃጥላል።

የድስት ማስቀመጫ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ሰው አስቦ አይገዛውም። እኔ ግን ከጥሩ ቢላዋ እኩል ቦታ እሰጠዋለሁ። ሥራው አንድ ነው፦ በትኩሱ ዕቃና ከሥሩ ባለው ነገር መሃል አየር ማስገባት። ውፍረቱና ውበቱ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሱቅ ውስጥ የትኛውን እንደምታነሱ፣ ቤት ውስጥም ከምን እንደምትሠሩት አይጠፋችሁም።

መጀመሪያ የድስቱን ቂጥ እዩ

ማስቀመጫ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ ከጠረጴዛ ልብሱ ጋር መሄዱ ነው የሚታየው። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ድስቱ ነው።

ጠፍጣፋ ቂጥ ላለው ብረት ድስት፣ መጥበሻና የኦቨን ትሪ ጠፍጣፋ ወይም እግር ያለው ማስቀመጫ ይስማማል። ስፋቱ ቢያንስ የድስቱን ቂጥ ሁለት ሦስተኛ ይድረስ። የድስቱ ቂጥ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማስቀመጫው ከ16 አይነስ። ካነሰ፣ አንዱ በጭልፋ ሲቀዳ ዳሩን ጫን ያደረገ ጊዜ ድስቱ ያዘነብላል።

ቂጡ ክብ የሆነ ጀበናና ሸክላ ድስት የሚፈልገው ቀለበት ነው፤ ማቶት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ካስቀመጣችሁት የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ይንከባለላል። ሸክላ ሌላም ጠባይ አለው። ከእሳት ወርዶ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ወይም እርጥብ ቦታ ላይ ካረፈ የነካው ቦታ ብቻ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሌላው አካሉ ገና ትኩስ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሳ ይሰነጠቃል። ከኦቨን የወጣ የመስታወት ሳህንም ጠባዩ ይኸው ነው፤ እርጥብ ግራናይት ላይ ሲያርፍ ሊፈነዳ ይችላል።

የድግስ ሰታቴ ደግሞ በአንድ ማስቀመጫ አይሆንም። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሦስት ጡቦች ወይም ወፍራም የእንጨት ቁራጮች ፈልጉና እንደ ጉልቻ በሦስት ማዕዘን አስቀምጧቸው። ሦስት ነጥብ ላይ ያረፈ ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። አራት ካደረጋችሁ አንዱ ሳይነካ ይቀርና ሰታቴው ይወዛወዛል። አራተኛ ድጋፍ መጨመር እዚህ ላይ ጉዳት ነው።

ሙቀቱን ከቁሱ ጋር አዛምዱ

ሁሉም ትኩስ ነገር እኩል አይተኩስም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ለምትኖሩ 100 ነው። ስለዚህ የሾርባ፣ የሻይና የጀበና ሙቀት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከኦቨን የወጣ ትሪ ግን ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ የቡና መቁያው። ቡና ተቆልቶ ሲጠቁር ፍሬው ራሱ 200 ዲግሪ ያልፋል፣ ብረቱም ቢብስ እንጂ አያንስም። ቡና ሲፈላ ሁሉም የሚጠነቀቀው ለጀበናው ነው። ምንጣፍ የሚያቃጥለው ግን መቁያው ነው። ቡናው ለማሽተት ቤት ውስጥ ከዞረ በኋላ መቁያው የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ እግር ያለው ብረት ወይም ሴራሚክ ይሁን።

ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ማስቀመጫ ለጀበና፣ ለሻይ ማንቆርቆሪያና ለሾርባ ድስት ተስማሚ ነው። በሣሩ መሃል የተያዘው አየር ሙቀቱን ያግደዋል። ለመቁያና ለኦቨን ትሪ ግን አታውሉት፤ ደረቅ ሣር ነውና ያርራል። መርካቶ ወይም ሽሮ ሜዳ ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ስፌቱ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይከፈት ይሁን።

ጥጥ አይቀልጥም። በጣም ሲሞቅ ይጠይማል፣ ብሎም ያርራል፤ ለሚፈላ ነገር ግን አስተማማኝ ነው። ቡሽ ውስጡ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉት ቀጭን ቢሆንም ሙቀትን በደንብ ያግዳል። ከዛፍ ቅርፊት የሚገኝ ነው፣ ትልቋ አምራችም ፖርቱጋል ናት። እንጨት ከሆነ ጠንካራና 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ይሁን፤ ላዩ ግን ቫርኒሽ የተቀባ አይሁን። ትኩስ ድስት ቫርኒሹን አለስልሶ ይጣበቅበታል።

ሲሊኮን ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 230 ይላል። ምንም ካልተጻፈበት ለውሃና ለሻይ ብቻ አውሉት። ብረት ከሁሉም ይበልጥ ሙቀት ይችላል፣ ግን ራሱ ይሞቃል። ብረት ማስቀመጫ ያለ እግር ዋጋ የለውም፤ እግሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፣ ጫፉ ላይም የጎማ ቆብ ይኑር።

አሁን ስለ ዳንቴል። በኪሮሽ የተሠሩ የሚያምሩ ክብ ማስቀመጫዎች ብዙ ቤት አሉ። ችግሩ ክሩ ነው። አብዛኛው አብረቅራቂ ክር ሰው ሠራሽ ስለሆነ ከትኩስ ብረት ጋር ሲገናኝ ይቀልጣል፣ ድስቱ ላይም ይለጠፋል። ለመለየት አንዲት ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ የእቃ ማጠቢያ ገንዳው ላይ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ ነድዳ አመድ ትሆናለች። ሰው ሠራሽ ከሆነች ተኮማትራ ትቀልጥና ስትቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ትጠነክራለች። የቀለጠውን በእጅ አትንኩት።

ማቶት በቤት ውስጥ መሥራት

የሣር ማቶት መስፋት ወስፌና ልምድ ይጠይቃል። የጨርቁን ግን ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። በውጭ አገር ስንደዶ ለማያገኝ ሰውም ይኼ ይቀለዋል።

አሮጌ የጥጥ ነጠላ ወይም አንሶላ፣ ቃጫ ገመድ፣ የጥጥ ክር፣ ወፍራም መርፌ፣ መቀስና ሜትር አዘጋጁ። ቃጫ ካጣችሁ የጨርቁ ትርፍ ለመሙያ ይሆናል።

1. ለኩ። ለመካከለኛ ጀበና የቀለበቱ ቀዳዳ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱን ስትደምሩ 10 ይመጣል። 10ን በ3.14 ስታባዙ 31 ሴንቲ ሜትር ግድም፤ ይህ የቀለበቱ ዙሪያ ነው። ለመደራረቢያ 5 ጨምሩና 36 ያዙ። ጀበናችሁ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳውን ብቻ አስፉና ሒሳቡን ድገሙት።

2. መሙያውን ግመዱ። ቃጫውን 36 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ ደራርቡት፣ አጥብቃችሁ ግመዱት፣ በክር ሦስት አራት ቦታ እሰሩት። በአውራ ጣት ስትጫኑት እሺ የሚል ከሆነ ገና ላልቷል። የላላ ማቶት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሟሽሻል፣ ጀበናውም ጠረጴዛውን ይነካል።

3. ጫፎቹን አሳሱ። ዝም ብላችሁ ጫፍና ጫፉን ብትደራርቡ እዚያ ቦታ ላይ ጉብታ ይወጣል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የመጨረሻዋን 5 ሴንቲ ሜትር ክሮቹን እያፈራረቃችሁ አሳጥሩ። ስትደራርቧቸው ውፍረቱ ከሌላው ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ አጥብቃችሁ ስፉት።

4. ጨርቁን አልብሱ። ነጠላውን በ4 ሴንቲ ሜትር ስፋት በረጅሙ ቅደዱት። በመቀስ ጫፉን ብቻ ጀምሩለት፤ ጥጥ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። አራት ሜትር ያህል ቅዳጅ ሁለት ዙር ያለብሳል። ቀለበቱን ስትጠመጥሙ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን፤ በየዙሩም ሳብ አድርጉ። ሁለተኛውን ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥሙ። እንዲህ ሲሆን አይፈታም።

5. ቋጠሮውን በውጭ ጎን ደብቁ። ከሥር ከሆነ ማቶቱ ይንገዳገዳል። ከላይ ከሆነ ጀበናው ያዘነብላል። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በጥቃቅን ስፌት ዝጉት። ባለቀለም ጥለት ያለው ነጠላ ከሆነ ጥለቱን ለመጨረሻው ዙር አቆዩት፤ በጣም ያምራል።

6. ፈትኑት። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዱቄት ነስንሱ። ማቶቱን በላዩ አስቀምጡ። ጀበናውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ በማቶቱ ላይ አሳርፉትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ። አንስታችሁ ቂጡን እዩት። ዱቄት ከነካው ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ወይ መሙያው ላልቷል። ንጹሕ ከሆነ ሥራው አልቋል።

ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ማቶቱ ላይ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አሳርፉት። አተላው ወደ አንድ ወገን ይዘቅጣል። ቡናው እስኪሰክን ካልተነቃነቀ አቦሉ የጠራ ይቀዳል።

ለጠፍጣፋ ድስት፣ የገመድ ማስቀመጫ

የጥጥ ገመድ ካገኛችሁ ይኼ ከማቶትም ይቀላል። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገመድ ወደ 3.2 ሜትር ርዝመት ስትጠቀልሉት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይወጣዋል። ከመሃል ጀምራችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ጠቅልሉ። በየዙሩ መርፌውን ከጎን ወደ ጎን እያሳለፋችሁ ስፉ። በጣም አትሳቡት፤ ከተሳበ መሃሉ እንደ ባርኔጣ ይነሳል።

በማጣበቂያ ልሥራው የሚል አይጠፋም። በተለይ በጠመንጃ መሰል መሣሪያ እየቀለጠ የሚወጣውን ማጣበቂያ ተዉት። በሙቀት የቀለጠ ነገር በሙቀት ተመልሶ ይቀልጣል። ስፌት ብቻ።

ከግንባታ የተረፈ የወለል ሴራሚክ ካላችሁ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ሥር ወፍራም ቡሽ ለጥፉበት። የመቁያ ማሳረፊያ አገኛችሁ።

ጠረጴዛ ላይ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማስቀመጫው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ በመጨረሻ ድስቱ። ድስቱን ከማንሳታችሁ በፊት ማስቀመጫው ቦታው ላይ ይሁን፣ ደረቅ መሆኑንም በእጃችሁ አረጋግጡ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ማስቀመጫው ከጠረጴዛው ዳር ራቅ ብሎ መሃል ላይ ይሁን፣ የድስቱ እጀታም ወደ ውስጥ ይዙር። ተንጠልጥሎ የሚወርድ የጠረጴዛ ልብስ ሕፃን ሲስበው ድስቱን ይዞ ይመጣል።

ሸክላ ጥብስ ለብቻው ይታይ። ከሥሩ ፍም ስላለው ሙቀቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሳይሆን ሳያቋርጥ ወደ ጠረጴዛው የሚወርድ ነው። እንጨት ሳህን ብቻውን አይበቃውም። ከሥሩ እግር ያለው ብረት ወይም ሴራሚክ አድርጉ፣ የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ካለም አንሱት። መስኮትም ክፈቱ፤ ፍም ባለበት ሁሉ የከሰል ጭስ መርዝ አለ።

ግራናይት ወይም ሰው ሠራሽ ድንጋይ ያለው ኪችን «ድንጋይ ምን ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ሰው ሠራሽ ድንጋዩ የተያያዘው በሙጫ ነው። ከኦቨን የወጣ ትሪ ቀለሙን ሊለውጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ፎርማይካም ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ሲለሰልስ ያብጣል። እዚህ ሁለቱ ላይ ያለ ማስቀመጫ ምንም አታሳርፉ።

የእንጨት ጠረጴዛችሁ ላይ ነጭ ክብ ምልክት ቀርቶ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ነጩ ብዙውን ጊዜ ቫርኒሹ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉበት። ካውያውን ያለ እንፋሎት በዝቅተኛ ሙቀት አድርጋችሁ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ አሳልፉበት፣ ጨርቁን አንስታችሁ እዩ፣ ካስፈለገ ድገሙ። ምልክቱ ጥቁር ከሆነ ግን እንጨቱ ራሱ ተቃጥሏል፤ እሱ የአናጢ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጡ እስኪበላ ሙቀቱን እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ቡሽ ወይም ወፍራም ጥጥ ላይ አሳርፉት። ፍሪጅ ለመግባት ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ እግር ያለው ብረት ላይ አድርጉት፤ አየር ከሥሩም ይዞርለታል። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ባይቆይ ነው የሚመከረው። ትልቅ ድስት ወጥ ከሆነ ወደ ትናንሽ ዕቃዎች መክፈሉም ይረዳል። ከኦቨን የወጣ ዳቦም ብረቱ ላይ ቢቀዘቅዝ ሥሩ አያልበውም።

ድስት ውስጥ የሚገባው

እግር ያለው ብረት ማስቀመጫ ከጠረጴዛ ይልቅ ድስት ውስጥ ብዙ ይሠራል። ቀለም የሌለው፣ የጎማ ቆብም የሌለው፣ የማይዝግ ብረት ይሁን። በእንፋሎት የሚበስል ነገር ሁሉ ይፈልገዋል፤ ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ከሁሉም በላይ ህብስት።

ህብስት ስትሠሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ማስቀመጫ ትልቅ ድስት ውስጥ አስገቡ። ውሃ ጨምሩ፤ ግን የማስቀመጫው አናት ላይ አይድረስ። ውሃው ሲፈላ ኩፍ ያለውን ሊጥ በተቀባ ወይም ኮባ በተነጠፈበት ዕቃ አድርጋችሁ አሳርፉበት። የሊጡን ዕቃ ክደኑ፤ ከትልቁ ድስት ክዳን የሚንጠባጠብ ውሃ ላዩን ያላቁጠዋል። ትልቁንም ድስት ክደኑና እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ውሃው ሲያንስ የምትጨምሩት የፈላ ውሃ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ እንፋሎቱ ይቋረጥና ህብስቱ ይሰምጣል። መብሰሉን በቀጭን እንጨት ወግታችሁ እዩ፤ ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። ማስቀመጫ ከሌለ የዕቃው ቂጥ ከድስቱ ጋር ስለሚነካካ ሥሩ ሲያር መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ማስቀመጫው የላችሁም? አልሙኒየም ፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ወፍራም ቀለበት ሥሩ። ለዕለቱ ይሆናል። ፕሬሸር ኩከር ከሆነ ግን ከዕቃው ጋር የመጣውን ብቻ ተጠቀሙ፣ የተደረደረውም ነገር የእንፋሎት መውጫውን እንዳይዘጋ ተጠንቀቁ።

ምድጃው ላይና ሌላ ቦታ

ትንሽ ጀበና ሰፊ የጋዝ ምድጃ ላይ አትቆምም፤ በብረቶቹ መሃል ትገባለች። ለዚህ የሚሸጥ መስቀለኛ ወይም ቀለበት ብረት አለ፤ ምድጃው ላይ ይደረጋል። ብረቱን ከመግዛታችሁ በፊት የጀበናዋን ቂጥ ለኩ። እሳቱንም ከዝቅተኛ ጀምሩ።

ዕጣን ማጨሻውን ቀጥታ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ወይም ፓርኬ ላይ አታሳርፉ። ውስጡ ከፍሙ ሥር አመድ ወይም አሸዋ አድርጉ፣ ከሥሩም ሴራሚክ ይኑር። የከሰል ምድጃ የፕላስቲክ ምንጣፍ ባለበት ቤት ጡብ ይፈልጋል። የአበባ ማሰሮም እግር ባለው ነገር ላይ ቢቀመጥ ውሃው ይወርዳል፣ ወለሉም አይበሰብስም።

ጽዳት

የጨርቁን ማቶትና የገመዱን ማስቀመጫ በእጅ በሳሙና እጠቡና ፀሐይ ላይ ውስጡ ድረስ አድርቁ። ላዩ ደርቆ መሙያው እርጥብ ከሆነ ይሸታል፣ ሙቀትም አይከላከልም። ሣሩን አትዘፍዝፉ፤ በብሩሽ አራግፉት፣ ወጥ ከነካው በተጨመቀ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ነፋሻ ቦታ ስቀሉት። ቡሽና እንጨት ውሃ ውስጥ አይደር። የሚያሙለጨልጭ ሲሊኮን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ስቡ ሲለቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የብረቱን የጎማ ቆቦች አልፎ አልፎ ቁጠሩ። አንዱ ከወደቀ እግሩ ጠረጴዛውን ይቧጭራል፣ ማስቀመጫውም ያጋድላል። ቀለም የሌለውና የማይዝግ ከሆነ፣ ምትክ እስክታገኙ ሌሎቹንም አውልቃችሁ ድስት ውስጥ ለእንፋሎት ተጠቀሙበት። ያረረ ሣር፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክና የተሟሸሸ ማቶት ግን አይጠገንም፤ ቀይሩት።